አማቴን ተራራ ለማውጣት

ስለ ተራራ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩት። ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። ደብረ ሲና ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ይወጣል፣ ሲመለስ ይወርዳል፣ ከጎረቤት ዕቃ ተውሶ እንዲመጣ ሲላክ ደግሞ ሁለቱንም ያደርጋል። ሜዳ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ኳስ ስንጫወት ነው፤ እሱም ወደ አንድ በኩል ያጋድል ስለነበር ሽቅብ የሚጫወተው ቡድን ሁልጊዜ ይሸነፋል። ስለዚህ በተራራ ጉዳይ ከሰው ጋር አልከራከርም። አስረዳለሁ እንጂ።

እርግጥ ነው፣ ተራራ ከወጣሁ ቆይቷል። ቶሮንቶ ከመጣሁ ወዲህ የምሠራው ኢንሹራንስ ቢሮ ነው። ወንበሬ ጎማ አለው፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ ስሄድ እንኳ ከወንበሩ አልነሳም፣ መሬቱን በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ እደርሳለሁ። ግን እግር ልጅነቱን ይረሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። በየሰው ቤት፣ በየክርስትናው፣ በየልደቱ ስለ ተራራ ማውራቴንም አላቋረጥኩም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው። ስካርቦሮ ያለው አፓርታማችን ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠናል፤ እኔ፣ ባለቤቴ ሜሮን፣ ጓደኛዬ ፍቅሩ፣ እና የሜሮን እናት እትዬ ወይንሸት። ገና መቀመጥ ያልጀመረችው ልጃችን ሜሮን ትከሻ ላይ ተኝታለች። እትዬ ወይንሸት ከአገር ቤት የመጡት ሜሮን ስትወልድ ሊያርሷት ነው። ደሴ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ ርዕሰ መምህርት ሆነው የሠሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ርዕሰ መምህርትነቱ ግን ከእሳቸው አልወጣም። ወደ ሳሎን ሲገቡ እግሬን ከጠረጴዛው ላይ የማወርደው ሳላስበው ነው።

እትዬ ወይንሸት ዊንተሩን ያሳለፉት መስኮት አጠገብ ነው። ከመስኮታችን የሚታየው ሌላ ሕንጻ ነው፤ ከዚያኛው ሕንጻ የምንታየው ደግሞ እኛ ነን። ከፋሲካ በኋላ ሊመለሱ ቲኬታቸው ተቆርጧል። ሜሮን ከመሄዳቸው በፊት ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ፏፏቴውን አይተዋል፣ ሱቁን ጠግበዋል፣ መሃል ከተማ ያለውን ረጅም ግንብም ወጥተው ወርደዋል። ትንሽ አሰቡና አንድ ተራራ በእግራቸው ወጥተው ይህን አገር ከላይ ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ግንቡስ ብትላቸው፣ እሱን የወጣው ሊፍቱ ነው፣ እኔ ውስጡ ቆሜ ነበር አሏት።

ሜሮን መልስ እስክታስብ እኔ መልሼ ጨረስኩ። ይተዉት ለእኔ አልኩ። በሚመጣው ቅዳሜ አወጣዎታለሁ አልኩ። ፍቅሩ ማኪያቶውን እንደያዘ ቀረ። እትዬ ወይንሸት ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አማቴ ከሠርጋችን ጀምሮ ስለ እኔ ያላቸው አስተያየት አንድ ቃል ነው። ወሬኛ ነው አይሉም፤ ጨዋ ናቸው። “ተጫዋች ነው” ይላሉ። ዘመድ ስለ እኔ ሲጠይቃቸው፣ ሥራው ቢባል፣ ጠባዩ ቢባል፣ “ተጫዋች ነው” ብለው ይዘጉታል። አሁን ሊሄዱ ነው፤ አንድ ልጃቸውንና አንድ የልጅ ልጃቸውን ለእኔ ትተው። ተጫዋች እንደሆንኩ ብቻ ይዘው እንዲሳፈሩ አልፈለግሁም።

ቶሮንቶ አካባቢ ተራራ እንደሌለ ይታወቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ግን ቃል ከገባሁ በኋላ ነው። ያዳነኝ ፍቅሩ ነው። ፍቅሩ ሴንት ጄምስ ታውን ይኖራል፤ ኢንጂነር ነው፤ በሙያው አመልክቶ ከመጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። በጣም ጥንቁቅ ሰው ነው። ሊፍት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስንት ኪሎ እንደሚችል የተጻፈውን ያነባል፤ ከዚያ እኔን ያያል። ወደ ሰሜን፣ ኮሊንግዉድ በሚባለው ከተማ በኩል፣ የአገሩ ሰው ተራራ የሚለው ገደላማ ኮረብታ እንዳለ ነገረኝ። ፎቶውን አሳየኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንዲህ ላለው ነገር እኛ ጋ ስም አይወጣለትም፤ “ከቤታችን በታች ያለው” ተብሎ ይታለፋል።

ፍቅሩ ሳቄ እስኪያልቅ ጠበቀኝና ችግሩ ቁመቱ ሳይሆን ወቅቱ መሆኑን አስረዳኝ። ጊዜው ዊንተርም ስፕሪንግም አይደለም። በረዶው ቀን ይቀልጣል፣ ንጋት ላይ ይጋገራል፣ በማግስቱ ከላዩ አዲስ ይጨመርበታል። እዚህ ከተማ ውስጥ ሣር እያየን እዚያ ዳገት ላይ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስልኩ ላይ የአየር ሁኔታ የሚናገሩ አራት አፖች አሉት። ለቅዳሜ አንዱ ፀሐይ ይላል፣ አንዱ ዝናብ ይላል፣ አንዱ በረዶ ይላል፣ አራተኛው ሦስቱንም ይላል። አራት ምን ያደርግልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ አራቱ ሲጣሉ ነገሩ ምን ያህል እንደማይታወቅ ይታወቃል አለኝ። በረዶ በረዶ ነው አልኩት። 

ማክሰኞ ማታ እትዬ ወይንሸት ሳሎን ጠሩኝና ዕቅዴን ጠየቁኝ። ቁም አላሉኝም፤ ግን ቆሜ ራሴን አገኘሁት። በጠዋት እንደምንነሳ፣ በመኪናዬ እንደምንሄድ፣ ከፓርኪንጉ ጀምረን እንደምንወጣ፣ ጫፉ ላይ ምሳ በልተን እንደምንወርድ ዘረዘርኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ መንገዱ ላይ በረዶ አለ ወይስ የለም ብለው ጠየቁኝ። ይኖራል፣ ግን ብዙም አይሆንም አልኳቸው። ብዙም ማለት ምን ያህል ነው አሉኝ። እጄን ከምንጣፉ ትንሽ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ይህን ማን ነገረህ አሉኝ። እጄን ወደ ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የኮረብታውን መንገድ የሚጠብቁ ሰዎች ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ትሕትናዋ የሚያስመሰግን ሴት አነሳች። ሁኔታው “ቫሪየብል” ነው አለችኝ። እንዴት ብዬ ስጠይቃት አንዳንድ ቦታ በረዶ አለ፣ አንዳንድ ቦታ የለም፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የሌለ ይመስላል አለች። እንድንወጣ ትመክሪናለሽ ወይ ብላት በመሣሪያና በልምድ እንደሚወሰን ነገረችኝ። ልምዱ አለኝ አልኳት። ደስ አላት። ይህን ሁሉ ማታ ለእትዬ ወይንሸት አቀረብኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ተማሪ ፈተና ላይ እንዲህ ብሎ ቢመልስላቸው ዜሮ ይሰጡት እንደነበር፣ ሴትዮዋን ግን እንደማይወቅሱ ተናገሩ። የወቀሱት ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ኢንተርኔቱም አልረዳኝም። እዚያው መንገድ ላይ በአንድ ሰሞን የተነሱ ሁለት ፎቶዎች አገኘሁ። አንዱ ላይ አንድ ጎረምሳ በቁምጣ ይስቃል። ሌላው ላይ አንዲት ሴት እስከ ጉልበቷ በረዶ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች፤ ወይም ነፋሱ ነው ያስለቀሳት። ለሜሮን የመጀመሪያውን አሳየኋት። ሁለተኛውን ራሷ አገኘችው።

ሜሮን መኝታ ቤት ጠርታኝ በሩን ዘጋች። ልጃችን ተኝታ ስለነበር የተናገረችው በሹክሹክታ ነው፤ የሜሮን ሹክሹክታ ግን ከሰው ጩኸት የበለጠ ይሰማል። እናቷ ከስድሳ ዓመት ያለፉ ሴት መሆናቸውን፣ አጥንት በዚህ ዕድሜ ቶሎ እንደማይገጥም፣ እሳቸው በክራንች ከተሳፈሩ እኔም አብሬ እንደምሳፈርና መመለሻ ቲኬት እንደማይቆረጥልኝ ነገረችኝ። ሙሉ በሙሉ እንደምስማማ ነገርኳትና ልምምድ ጀመርን።

ልምምዱ የሕንጻችን ደረጃ ነው። እኔ አሠልጣኝ ነኝ፣ እትዬ ወይንሸት ሠልጣኝ። ከሥር ተነስተን እስከ ላይ እንወጣለን። እሳቸው የእጅ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የደረጃውን መደገፊያ ሳይዙ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ በአንድ ፍጥነት ይወጣሉ። እኔ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ እጀምርና መሃል ላይ ስልኬ ይጠራል። ስልኬ በእውነት አልጠራም፤ ግን ቆም ብዬ ጆሮዬ ላይ ማድረጉ ያሳርፈኛል። ሃሎ እያልኩ እተነፍሳለሁ። አንድ ጊዜ እትዬ ወይንሸት ከላይ ሆነው ቁልቁል እያዩ፣ ሰውየው ምነው ሁልጊዜ አምስተኛው ፎቅ ላይ ይደውላል አሉኝ። የቢሮ ሰው ነው አልኳቸው።

ከዚያ መሣሪያ ገዛን። ጫማ ላይ የሚጠለቅ፣ ከሥሩ ሰንሰለትና የብረት ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ ድንጋይ የሆነውን በረዶ፣ አይሱን፣ ይነክሳል፣ ሰው አያንሸራትትም። ሦስት ጥንድ። እኔ ሳልሞክረው አማቴን አላስለብስም ብዬ ፍቅሩን ይዤ ኢስት ዮርክ በኩል ወዳለው የወንዝ ሸለቆ ወረድኩ። በረዶ ግን የለም፤ ጭቃ ነው ያለው። ጥርሱ የአገር ምድሩን ቅጠልና ጭቃ ሰብስቦ በየእርምጃው ከእግሬ ሥር ይቆልል ጀመር። እየተራመድኩ እረዝማለሁ። ትንሽ እንደሄድኩ ፍቅሩን ቁልቁል አየው ጀመር፤ በትውውቃችን ሁልጊዜ እሱ ነው ቁልቁል የሚያየኝ። ውሻ የምታናፍስ አንዲት አሮጊት ቆም ብላ ለምን እንደለበስኩት ጠየቀችኝ። ለተራራ ነው አልኳት። ዙሪያውን አየችና መንገዱ እንደጠፋብኝ ገምታ የባቡር ጣቢያውን አሳየችኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። አርብ ዕለት ሞቆ ጃኬት አስወልቆን ነበር፤ ቅዳሜ ስንነሳ መኪናዬ የቷ እንደሆነች መለየት እስኪያቅት በረዶ ወርዷል። እኔ መሄድ እንችላለን ባይ ነበርኩ። ፍቅሩ ደውሎ ካንስል እናድርገው አለ። ሜሮን የመኪናውን ቁልፍ ከልጃችን ዳይፐር ሥር ደበቀችው፤ እዚያ እጄን አላስገባም ብላ ነው፣ ልክ ነበረች። ሁለተኛው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሆነ። እትዬ ወይንሸት ጫማቸውን እንዳሰሩ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ማዶ ያለውን ሕንጻ ሲያዩ ዋሉ።  ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ፋሲካ ነው፣ ከዚያ ጉዞ ነው።

ያ ቅዳሜ ግን የተባረከ ሆኖ ነጋ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። የፍቅሩ አራቱ አፖች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ይህ ራሱ ፍቅሩን አሳሰበው። እትዬ ወይንሸት በሶ ጨብጠው፣ ቆሎና ቴምር ይዘው፣ ከሁላችን ቀድመው በር ላይ ቆሙ። መንገድ ላይ እየነዳሁ ስለ ዳገት አተነፋፈስ ትምህርት ሰጠሁ። ከኋላ መልስ ስለጠፋ በመስታወቱ ሳይ ሁለቱም ተኝተዋል።

ፓርኪንጉ ላይ ስንደርስ በረዶ የሚባል ነገር የለም። መሬቱ ደርቋል፣ ወፍ ይንጫጫል፣ ፀሐዩ ጀርባ ይመታል። እጆቼን ዘርግቼ ለፍቅሩ አሳየሁት፤ ያ ሁሉ ስጋት ለዚህ ነበር ወይ ዓይነት። ባለጥርሱን ጎማ መኪናው ውስጥ እንድንተወው አዘዝኩ፤ ሸክም ነው፣ ጭቃ ላይ ምን እንደሚያደርግም በዓይኔ አይቻለሁ። ፍቅሩ አልሰማኝም፣ የራሱን ያዘ። እትዬ ወይንሸት የእሳቸውን ከበሶው ጋር ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ የእኔን ጥዬ ቀድሜ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሕይወቴ ምርጥ ግማሽ ሰዓት ነው። አንዳንዴ ወደኋላ ዞሬ እጠብቃቸዋለሁ። ከዚያ መንገዱ ወደ ጫካው ጥላ ገባ። ሰው ዊንተሩን በሙሉ የረገጠው በረዶ መሃሉ ላይ ተጠቅጥቆ፣ ዳር ዳሩ ቀልጦ፣ እሱ ብቻ እንደ መስታወት አግዳሚ ተዘርግቶ ቀርቷል። ሁለቱ ቁጭ ብለው ጥርሳቸውን አጠለቁ። እኔ ቆሜ ዛፍ የማደንቅ መሰልኩ።

ከዚያ በኋላ ስለነበረው አካሄዴ ብዙ አልናገርም። አማቴ ቀጥ ብለው፣ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው፣ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ያልፋሉ። እኔ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተወረወርኩ እከተላለሁ። አንዱን ዛፍ አቅፌ ስቆም ሁለት ወጣቶች ከላይ መጡና ዛፉን ስለምወደው መስሏቸው በአክብሮት አለፉ። በዚህ አልቀጥልም ብዬ አንድ ዘዴ አመጣሁ። አይሱን ትቼ ጎን ለጎን ባለው ለስላሳ በረዶ ላይ እሄዳለሁ። ፍቅሩ ተው አለኝ። የፀሐይ ወራት በረዶ ላዩ ብቻ ነው፣ ሥሩ ባዶ ነው አለኝ። እኔም ማብራራት ጀመርኩ፤ የክብደት ጉዳይ ሰው እንደሚያስበው እንዳልሆነ እያብራራሁ ሳለ መሬቱ ተከፈተና እስከ ጭኔ ገባሁ።

ሥሩ ባዶ አልነበረም፤ ውኃ ነበረበት። ቀኝ እግሬ እየፈሰሰ ያለ ምንጭ ውስጥ ቆሟል። ብጎትት አልወጣም አለ። ፍቅሩ በውኃ መያዣው ክዳን ይቆፍር ጀመር። እግሬ በመጨረሻ ወጣ፤ ጫማው ግን አልተከተለም። እትዬ ወይንሸት የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየበሉ ሲመለከቱ ቆዩና፣ “ደብረ ሲና እንዲህ ነበር?” አሉኝ።

ፍቅሩ ክንዱን እስከ ትከሻው ከቶ ጫማውን አወጣልኝ። እትዬ ወይንሸት ከቦርሳቸው የራሳቸውን ወፍራም ካልሲ አወጡ፤ አበባ አለበት። ከላዩ የዳቦ ፌስታል አጠለቁልኝ፣ እንደ ልጅ ጫማዬን ራሳቸው አሰሩልኝ፣ ከዚያ ጉልበቴን ቸብ አድርገው ተነስ አሉኝ። ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ሞራሌ ብዙም አልተነካም ነበር። ተራራው ገና ጫፉ አለ፤ ጫፉ ላይ ስንደርስ ካልሲው ይረሳል።

ጫፉን ያየነው ከጫካው ስንወጣ ነው። ከእኛ እስከዚያ ድረስ ዛፍ የሌለው ዳገት አለ፤ ፀሐዩ ሙሉ በሙሉ ያረፈበት፣ ነጭ፣ አንድም ዱካ ያልታየበት። ከላይ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ይታያል። ድንጋይ ብወረውር የምመታው ይመስለኛል። ዳገቱ ግን ወደ ታች በኩል እየቀጠለ ሄዶ ቋጥኝ ላይ ነው የሚያበቃው።

ፍቅሩ በእግሩ ጫፍ ዳሩን ጫር አደረገው። ላዩ እንደ እርጥብ ስኳር ተንከባለለ፤ ከሥሩ ሰማያዊ አይስ ወጣ። እሱ ከዚህ እንደማያልፍ ተናገረ። ድምፁን አላነሳም፤ ብቻ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

እኔ ወንበሩን አያለሁ። አማቴ ሁለት ቅዳሜ መስኮት ላይ የተቀመጡት ለዚህ ነው። ሌላ ቅዳሜ የለም። ፊት ፊት እየሄድኩ ዱካ ባወጣላቸው፣ እጃቸውን ብይዛቸው፣ ፍቅሩ ከሥር ቢሆን እያልኩ ማስላት ጀመርኩ። “ይተዉት ለእኔ” የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሷል። እትዬ ወይንሸት ወደ ዳገቱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሄደህ ታውቃለህ?”

የተናገሩት በቀስታ ነው። ቢሮዬ ውስጥ፣ ሰው ቤት፣ ምሳ ላይ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። እዚያ ግን ከዛፎቹ የሚንጠባጠበው ውኃ ይሰማል፣ ቋጥኙ ይታያል፣ አማቴ ደግሞ እሺ ካልኩ ከኋላዬ ሊረግጡ አንድ እግራቸውን አስቀድመዋል። ያንን እግር አየሁት። አምነውኝ ነበር። ይህን ያህል እንደሚያምኑኝ አላውቅም ነበር።

“አላውቅም” አልኳቸው። “ተራራ አውቃለሁ፣ ይህን በረዶ ግን አላውቅም። እንመለስ፣ እትዬ።”

አልተከራከሩኝም። ጫፉን ትንሽ አዩትና እግራቸውን መለሱ። ፍቅሩ ቦርሳውን አነሳ። እኔ በአበባው ካልሲ ወደኋላ ዞርኩ፤ ፊት ለፊቴ የማየው አንድ ነገር ነበር፣ ደሴ ውስጥ አንድ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃቸውና እሳቸው ያንኑ አንድ ቃል ሲመልሱ።

ስንወርድ አብዛኛውን የወረድኩት በመቀመጫዬ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ሱሪውን ካላሰቡት። ከጫካው አጋማሽ ላይ የእትዬ ወይንሸት ጎማ ላላና ሊያጠብቁት ቆም አሉ። ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ እዚያው ቆመው ቀሩ። ያመማቸው መስሎኝ እየተንሸራተትኩ ሄድኩ።

በዛፎቹ መሃል ቁልቁል ያያሉ። ስንወጣ ሁላችንም እግራችንን ስናይ አላየነውም። ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም፤ ቅርንጫፍ ብቻ ናቸው፣ በእነሱ ውስጥ አገሩ ሁሉ ይታያል። ሰፊው ሐይቅ፣ ዳሩ ገና ግራጫ አይስ፣ መሃሉ ሰማያዊ። እርሻው አንዱ ቁራጭ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ አረንጓዴ ሊሆን የፈለገ። የገበሬ ቤቶች፣ የአንዱ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። መንገዱና ላዩ ላይ የሚሄዱት መኪኖች።

ቶሮንቶ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። ፍቅሩ ስልኩን እስኪያወጣ እኔ በእጄ አመለከትኩ። በትክክል ነው ያመለከትኩት፤ ፍቅሩም አረጋግጧል። ወደዚያ አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከተማው አይታይም፤ መሬቱ ብቻ እየሰፋ ይሄዳል።

“ዊንተሩን ሙሉ ልጄ የት እንዳለች ሳላውቅ ነው የከረምኩት” አሉ። “አሁን የት ትቻት እንደምሄድ አየሁ።”

ከዚያ ተቀመጡና በሶውን አወጡ። ሦስታችንም አንድ ጨርቅ ላይ ተጠጋግተን በላን። ፍቅሩ ዙሪያውን እያየ፣ ቅጠሉ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ቦታ ምንም እንደማይታይ፣ ከዚህ ሳምንት የተሻለ ጊዜ እንደሌለ ተናገረ። ወቅቱን የመረጥኩት ይህን አስቤበት ነው አልኩ። እትዬ ወይንሸት ሳቁ። ቶሮንቶ ከመጡ ጀምሮ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ስካርቦሮ ስንደርስ ሜሮን ልጃችንን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ያየችው የእናቷን ሁለት እግሮች ነው። ቀጥሎ ሱሪዬን አየች፣ ቀጥሎ ከጫማዬ ጎን ብቅ ያለውን የዳቦ ፌስታል። ሳቋን ዋጠችና ጫፉ ላይ ደረሳችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ መኪና ውስጥ አንድ ጥሩ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ዳገቱ ማዕዘን፣ ስለ ጊዜው። ትንፋሼን ስቤ ልጀምር ስል እትዬ ወይንሸት ቀደሙኝ።

“አልደረስንም፤ ባልሽ መለሰን” አሉና ስካርፋቸውን መፍታት ጀመሩ። ከዚያ ሜሮንን ጠጋ ብለው በጆሮዋ ነገር ነገሯት። የዕድሜ ልክ ርዕሰ መምህርት በጆሮ መናገር አይሆንላትም፤ ኮሪደሩ ላይ ያለ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

“አሁን ሳልሰጋ እሄዳለሁ። መመለስ የሚያውቅ ሰው ነው ያገባሽው።”

ሜሮን ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔም በነገሩ ላይ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር አፌን ከፈትኩ። ሜሮን መጥታ ልጃችንን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ተኝታ ስለነበር ዝም አልኩ።